የአሮጌው ካራቫን ወንበር ልብስ

የመቀመጫውን ዚፕ ከፍቼ እጄን ሳስገባ ቢጫ ዱቄት ይዞ ወጣ። ስፖንጁ እንደ ከረመ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «ሁሉንም አውጥተን እንጣለው፤ አዲስ እናሠራለን» አለች። ካራቫኑን ከመኪናችን ኋላ ጎትተን ወደ እንግሊዟ ከተማ ሼፊልድ ያመጣነው በዚያው ሳምንት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራ፣ አራት ሰው የሚያስተኛ፣ 650 ፓውንድ የከፈልንበት ተሳቢ ቤት ነው። ጎማውና ፍሬኑ ደኅና ናቸው፤ ጣሪያውም አያፈስም። የተጎዳው የጨርቁ ነገር ነው፤ ዐሥራ ሁለት መቀመጫና መደገፊያ፣ አምስት ጥንድ መጋረጃ። ጨርቅ ደግሞ ሳልመረምረው አልጥልም።

ይህን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሦስት ክረምት ያሳለፍኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ፣ እሱ የመኪና ወንበር ልብስ በሚሰፋበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። የሚመጡልን በአብዛኛው ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች ናቸው። የእኔ ሥራ መተርተር ነበር። ጋሼ አሮጌውን ልብስ በመቀስ እንድቆርጠው አይፈቅድልኝም፤ ክሩን አንድ በአንድ በምላጭ ያስፈታኛል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሳይጎዳ ከተፈታ ለአዲሱ ልብስ ንድፍ ይሆናል። አሁን ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ መርፌ ማየት ስለማይችል ሥራ ትቷል። ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁለትና ደወልኩለት። የልጁ ልጅ ስልኩን ይዛለት ደጋግሞ ካየ በኋላ «እንዳትጥለው ልጄ። ፊቱ ደኅና ነው፤ የሞተው ሆዱ ነው» አለኝ።

ሆዱን በተመለከተ ግማሹን ላተርፍ አስቤ ነበር። ከመስኮቱ ራቅ ያሉት አራቱ ስፖንጆች ገና አልተፈረፈሩም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የእሳት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ማንቸስተር ውስጥ በአንድ ትልቅ መደብር የተነሣ ቃጠሎ 10 ሰዎችን ገድሏል፤ እሳቱን ያባባሰው በስፖንጅ የተሞላ የቤት ዕቃ ነበር። የድሮው የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ሲቃጠል ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያለበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ሰውን ከነበልባሉ በፊት የሚገድለውም ጭሱ ነው። በ1988 የወጣው የብሪታንያ ደንብ የወንበርና የፍራሽ ስፖንጅ እሳትን እንዲቋቋም አስገደደ፤ የካራቫን ወንበርንም ይጨምራል። የእኛ ካራቫን ደንቡን በአራት ዓመት ይቀድማል። የጋዝ ምድጃው ከመቀመጫው የሚርቀው አንድ ክንድ ነው፤ በዚያ መቀመጫ ላይ ሌሊት ሁለቱ ልጆቼ ይተኛሉ። አራቱንም አወጣሁ።

አዲሱን ስፖንጅ ያስቆረጥኩት በ310 ፓውንድ ነው፤ ከካራቫኑ ዋጋ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰው ስፖንጅ ሲገዛ በመዳፉ ተጭኖ ጥንካሬውን ይፈትሻል። መጠየቅ ያለበት ግን ክብደቱን ነው። በኪዩቢክ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ሱቅ ውስጥ ጠንካራ ቢመስልም ቶሎ ይሰረጉዳል፤ እኔ ባለ 39 ኪሎውን ወሰድኩ። ልኩን የወሰድኩት ከደቀቀው ስፖንጅ ሳይሆን ከልብሱ ስፌት ነው፤ ልብሱ ተወጥሮ እንዲቆም በርዝመትና በወርድ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ጨመርኩበት። ይህን ያህል የወፈረ ነገር በዚፕ ቀዳዳ ማስገባት ትግል ነው። ስፖንጁን በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ አየሩን በአቧራ መሳቢያ ማሽን ስቤ አወጣሁት። እንደ ቂጣ ሳስቶ ገባ፤ ከረጢቱን ቀድጄ ስስበው ራሱ ተነፍቶ ጥጎቹን ሞላ።

ልብሱ ብርቱካንማ መስመር ያለው ቡናማ ከፋይ ነው። በእጥበቱ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የመጀመሪያውን በማሽን፣ በ40 ዲግሪ አጠብኩት፤ ሲደርቅ ቁመቱ በ3 ሳንቲሜትር አጥሮ ነበር። ከፋዩ ምንም አልሆነም፤ የተሸበሸበው ከኋላው የተለጠፈው ስስ ገበር ነው። የቀሩትን አንድ በአንድ በገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳላሽ በመዳፌ እየተጫንኩ አጠብኳቸው። የመጀመሪያው ውሃ እንደ አቦል ጠቁሮ ወጣ፤ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ እያለ ቀጥኖ በአራተኛው ጠራ። ከፋይ አይጠመዘዝም፤ ከተጠመዘዘ የተሰበረው ጠጉሩ አይቃናም። በፎጣ መሐል ጠቅልዬ ውሃውን ካስመጠጥኩ በኋላ ዚፑን ዘግቼ፣ ጠርዙን በእጄ እየሳብኩ አንጥፌ አደረቅኩት። በሼፊልድ ሰማይ ሥር እያንዳንዱ ሁለት ቀን ፈጀ። እርጥበቱ ሊያልቅ ሲል ጠጉሩን በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ አበጠርኩት፤ ስንት ዓመት የተቀመጡበት ቦታ እንኳ ተነሣ።

የበረኪና ነገር መናገር አለብኝ፤ እኛ አገር በረኪና የማይገባበት ቤት የለምና። ለቀለም ጨርቅ አይሆንም። ሻጋታ ላይ ኮምጣጤ የረጨ ሰው ደግሞ በላዩ በረኪና ጨርሶ እንዳይጨምር፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ካራቫን በምታህል ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። እኔ የሻገተውን ልብስ ደጅ አውጥቼ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ በደረቁ ቦረሽኩት፤ ከዚያ ኮምጣጤ ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅዬ ረጭቼ አንድ ሰዓት አቆይቼ አለቀለቅኩት። ሽታው ጠፋ። ግራጫው ነጠብጣብ ከሥር በኩል ቀርቷል፤ ይቅር።

ሲታጠብ ደግሞ ስፌቱ ተገለጠ። ከዐሥራ ሁለቱ በሰባቱ ላይ የበሰበሰው ጨርቁ አልነበረም፤ ክሩ ነው። በሁለት ጣት ሲሳብ ይለቃል። በፖሊስተር ክርና በ100 ቁጥር መርፌ ደግሜ ሰፋሁት። የቤት ውስጥ ስፌት መኪና ጠርዙ ላይ፣ ገመድ የገባበት ቦታ ሲደርስ አራት ድርብ ከፋይ ይገጥመዋል፤ እዚያ ላይ እግሬን አንሥቼ መዘውሩን በእጄ አዞርኩት። «ከፋይ ይሸሻል» ይል ነበር ጋሼ፤ ፊትና ፊት ሲገጣጠም አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ ወሰወስኩት። ላጠረው ልብስ ከማይታየው ከሥሩ በኩል፣ በዚፑ ጎን 4 ሳንቲሜትር ቅጥያ አስገባሁለት። የዚፖቹ ጥርስ ጤነኛ ነበር፤ ያለቀው ተንሸራታቹ ብቻ ስለሆነ እሱን ለውጬ ጥርሱን በሻማ አሸሁት።

መጋረጃዎቹን ፀሐይ በልቷቸዋል፤ በደቡብ በኩል ያሉት ገበሮች እንደ ወረቀት ተቀደዱ። ግን የሸጡልን አሮጊት ከፊት መቀመጫው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ የዚያኑ መጋረጃ ጨርቅ ሁለት ሜትር ተኩል በጋዜጣ ጠቅልለው አስቀምጠውት ኖሯል። ስደውልላቸው «አንድ ቀን ያስፈልጋል ብዬ ነበር» አሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ጠብቋል። ሁለት መጋረጃ ወጣው።

ይህ ሁሉ ሻጋታ ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ፣ ከሰው ትንፋሽና ላብ ነው። የተኛ ሰው የሚያወጣው እርጥበት በስፖንጁ ውስጥ ወርዶ ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፤ አየር ስለማያገኝ እዚያው ይከርማል። በብርዱ ወራት መቀመጫዎቹን ወደ ቤት አስገባለሁ፤ የማይገቡትን ከግድግዳው አርቄ በጎናቸው አቆማለሁ። ወለሉ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ደግሞ ብርድ ገባ ብሎ ማንም አይድፈናቸው። የምድጃው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ የሚወጣው በእነሱ ነው።

ትናንት ሥራው አለቀ ብዬ ለጋሼ ፎቶ ላክሁለት። የፊቱን አይቶ ዝም አለ። «ገልብጠህ አሳየኝ» አለ። ገልብጬ ላክሁ። «ጥጉ ለምን ተኮማተረ? ከመገልበጥህ በፊት ትርፉን በመቀስ አልቀነጠብከውም። አራቱንም ፍታቸው።» እውነቱን ነው። ምላጩን ፈልጌ አምጥቼ ክሩን አንድ በአንድ እየፈታሁ ነው፤ ይህን ስጽፍ ሦስተኛው ጥግ ላይ ደርሻለሁ።