የሁለት ዓመቱ ግሪን ካርድ፦ ከአይ-751 በፊት የሚሠራው ሥራ

በትዳር አሜሪካ የገባ ሰው ካርዱ በፖስታ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር የማለቂያው ቀን ይሁን። አሥር ዓመት ከተጻፈበት ይህን ጽሑፍ መዝለል ይችላል። ሁለት ዓመት ከሆነና ሲአር1 ወይም ሲአር6 የሚል ኮድ ካለው ግን ካርዱ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው። በ1986 የወጣው የጋብቻ ማጭበርበርን የሚከላከል ሕግ ያመጣው አሠራር ነው፦ ትዳሩ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተሰጠ መኖሪያ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ይታያል። ቅድመ ሁኔታው እንዲነሳ የሚጠየቅበት ፎርም አይ-751 ይባላል።

የትዳሩ ሁለት ዓመት የሚለካው ቪዛው በተመታበት ቀን ሳይሆን አሜሪካ በተገባበት ቀን ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የተጋባ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ጋብቻው ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ከገባ የሁለት ዓመት ካርድ ይሰጠዋል፤ ጃንዋሪ 25 ቢገባ ኖሮ የአሥር ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ቪዛው እጅ ከገባና ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀን ከቀረ፣ የቪዛው ቀን እስከፈቀደ ድረስ በረራውን ማዘግየት አይከፋም። ቪዛው ላይ ሲአር1 ተጽፎ ሁለት ዓመቱ አልፎ የሚገባ ሰው የጋብቻ ወረቀቱን በእጅ ሻንጣ ይዞ፣ ፓስፖርት የሚመታው መኮንን ኮዱን የአሥር ዓመት ካርድ ወደሚያሰጠው አይአር1 እንዲለውጥለት መጠየቅ አለበት። ከሻንጣ ክፍሉ ካለፉ በኋላ ማስተካከል ብዙ ደብዳቤ ያስጽፋል። የጋብቻው ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ የተሳሳተ እንደሆነም እዚሁ ላይ ይታያል፤ ትርጉሙን ከዋናው ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ።

የሁለት ዓመቱ ካርድ አይታደስም። አይ-90 የሚባለው የማደሻ ፎርም ለአሥር ዓመቱ ካርድ ነው፤ እሱን ሞልቶ የላከ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል። የሚሞላው አይ-751 ነው፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙበታል። አንድ ፊርማ ከጎደለ ማመልከቻው ሳይታይ ይመለሳል። በጋራ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚልኩት ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የደረሰ ይመለሳል፣ ካርዱ ካለቀ በኋላ የደረሰ ደግሞ ለምን እንደዘገየ አሳማኝ ምክንያት በጽሑፍ ይጠየቅበታል። ጨርሶ ያላመለከተ ሰው መኖሪያ ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይቋረጥና ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው 750 ዶላር ሲሆን የአሻራው ተጠቃልሏል። ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወዲህ ቼክና መኒ ኦርደር ስለማይቀበሉ የካርድ ወይም የባንክ ሒሳብ መክፈያ ፎርሙን ከላይ አድርጉ። ክፍያውም የሚላክበት አድራሻም ስለሚለዋወጥ፣ በምትልኩበት ዕለት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን የዩኤስሲአይኤስን ድረ ገጽ ክፈቱ። ጓደኛ አምና የላከበትን አድራሻ አትጠቀሙ።

ፎርሙ ቀላል ነው፤ ሰው የሚወድቀው ማስረጃው ላይ ነው። የጋብቻ ወረቀቱን መንግሥት አስቀድሞ አይቶታል። አሁን የሚጠይቀው ሁለት ዓመቱን አብራችሁ እንዴት እንደኖራችሁ ነው፣ ይህ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ተሯሩጦ የሚሰበሰብ አይደለም። ማመልከቻው ሊላክ ሁለት ወር ሲቀረው የተከፈተ የጋራ ባንክ ሒሳብ ጨርሶ ካለመኖሩ ብዙም አይሻልም። መጀመሪያ በገባችሁበት ወር ክፈቱት፣ ደመወዝ ይግባበት፣ ኪራይና መብራት ይውጣበት። ሃያ አራቱንም ወር ማተም አያስፈልግም፤ በየሦስት ወሩ አንዱን መርጦ መላክ ጊዜውን ሁሉ ይሸፍናል። የቤት ኪራይ ውሉ (ሊዙ) ላይ ሁለታችሁም ስማችሁ ይግባ። ዘመድ ቤዝመንት ውስጥ ያለ ውል የሚኖሩ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው፤ እነሱ ባለቤቱ በየወሩ የተቀበለውን ኪራይ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ያስጽፉ፣ ፖስታም በሁለቱም ስም እዚያው አድራሻ ይድረሳቸው። የጤናና የመኪና ኢንሹራንስ፣ በሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባ (401ኬ) ወራሽ ላይ የትዳር ጓደኛን ስም ማስገባት፣ ልጅ ካለ የልደት ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ ክብደት አላቸው። ዕቁብ ወረቀት የለውም፤ ቢያንስ ክፍያው በጋራ ሒሳቡ በኩል ይሂድ። ባል ለአማቱ በባንክ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጥለው፣ ግን ከሠርግ ፎቶ ይልቅ የሚናገር ማስረጃ ነው።

ታክሱ ላይ ቆም በሉ። ያገባ ሰው «ነጠላ» ብሎ ታክስ ማሠራት አይችልም፤ አብሮ እየኖረ «ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ» (ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር) ማስባልም እንዲሁ። ተመላሹን ከፍ ለማድረግ ይህን የሚሠሩ ታክስ ሠሪዎች አሉ፣ መዘዙ ግን የሚወጣው አይ-751 ላይ ነው፤ መኮንኑ ሁለታችሁ ነጠላ ነን ብላችሁ ለመንግሥት የፈረማችሁበትን ወረቀት ይዞ ይጠብቃችኋል። የተሳሳተ ካለ ከማመልከታችሁ በፊት የታክስ ማረሚያ ፎርም በሆነው በ1040-ኤክስ አስተካክሉ። ከዚያ የታክስ መዝገቡን ቅጂ (ትራንስክሪፕቱን) ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ አውርዳችሁ አያይዙ።

ሁለተኛው ወጥመድ አድራሻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረው እየኖሩ አንዱ መንጃ ፈቃዱን የቨርጂኒያ እንዳደረገ ይተወዋል። ትራክ የሚነዳ ሰው ደግሞ ወሩን መንገድ ላይ ያሳልፍና ፖስታው ሌላ ስቴት ጓደኛው ቤት ይሄዳል። ሥራ ለያያቸው ማለት ትዳሩ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሥራ ደብዳቤ፣ የጉዞ ቲኬትና አጭር ማብራሪያ ይፈልጋል። አድራሻ ሲቀየር በአሥር ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የምስክር ቃል የሚሰጡ ሁለት ሰዎች ስታመጡ «ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው» የሚል ብቻ እንዳይጽፉ ንገሯቸው፤ መቼ የት እንዳዩዋችሁ፣ ቤታችሁ መቼ እንደመጡ በቀን ይጻፉ።

ማመልከቻው ሲደርስ የሚመጣው የመቀበያ ደብዳቤ ካለቀው ካርድ ጋር ለ48 ወር ያገለግላል፤ ሥራም ያሠራል፣ ጉዞም ያስኬዳል። ዋናውን ደብዳቤ ይዛችሁ ተጓዙ፣ ኮፒ አይበቃም፤ ቦሌ ላይ ያለቀ ካርድ የሚያይ ሠራተኛ ቢጠይቅ የምታሳዩት እሱን ነው። ተጨማሪ ማስረጃ ከተጠየቃችሁ በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን አይራዘምም፤ የምትልኩትንም በአንድ ጊዜ ላኩ፣ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ትዳሩ ከፈረሰስ? «ወረቀትሽን አስቀድድብሻለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ በእኛ ሰው መካከል የተለመደ ነው፣ ግን አንድ የትዳር ጓደኛ በፈቃዱ ብቻ የሌላውን ግሪን ካርድ መሰረዝ አይችልም። በፍቺ፣ በሞት፣ በመደብደብ ወይም በከባድ ጭካኔ ምክንያት ብቻን ማመልከት ይፈቀዳል፣ የ90 ቀኑም ገደብ አይጠበቅም። ለፍቺ የፍርድ ቤት የመጨረሻ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ «ተለያይተን ነው የምንኖረው» ማለት አይበቃም። በደል የደረሰባት ሚስት ለማመልከት መፋታት የለባትም፤ የፖሊስና የሐኪም ወረቀት፣ ሲያስታርቁ የነበሩ ሽማግሌዎች የጽሑፍ ምስክርነት ይረዳታል፣ መሥሪያ ቤቱም ጉዳይዋን ለባሏ እንዳይነግር ሕግ ይከለክለዋል። አይ-864 በሚባለው የድጋፍ ቃል ኪዳን ፎርም ላይ የፈረመ ስፖንሰር ደግሞ በፍቺ ከግዴታው አይወጣም። ብቻቸውን የሚያመለክቱ ሰዎች ጠበቃ ይያዙ፤ ፎርም ሞልቶ የሚያስከፍል ሰው የሕግ ምክር የመስጠት ፈቃድ የለውም።

አይ-751 ሳይወሰን ግሪን ካርድ ከተገኘ ሦስት ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ከቀረ፣ የትዳር ጓደኛው ሦስቱንም ዓመት ዜጋ ከሆነና አብረው እየኖሩ ከሆነ፣ የዜግነት ማመልከቻውን ኤን-400 ማስገባት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ኢንተርቪው ይታያሉ፣ ስለዚህ የትዳር ጓደኛውም አብሮ ይሂድ፣ አዳዲስ የባንክና የታክስ ወረቀትም ይያዝ። የተፋታ ሰው ግን የሚጠብቀው አምስት ዓመት ነው።