ነጠላን የማይገምጥ መቁረጫ፦ ለሠርግ ፎቶ ባለሙያዎች ኤአይ ስንሠራ የተማርነው

አዲስ አበባ ውስጥ ለፎቶ አንሺዎችና ለግራፊክ ዲዛይነሮች የኤአይ መሣሪያ ልንሠራ ስንነሳ፣ አብዛኛው ሰው የመከረን ምስል የሚፈጥር ነገር እንድናወጣ ነበር። ከጽሑፍ ምስል የሚፈጥረው ስቴብል ዲፊዩዥን እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ሁሉም የሚያወራው ስለዚያ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ስቱዲዮዎቹን እየዞርን ኤዲተሮቹ አጠገብ ተቀመጥን። ሌሊቱን የሚበላባቸው መፍጠሩ አልነበረም። ሙሽራዋን ከባክግራውንድ ቆርጦ አልበም ላይ ማስቀመጡ ነው ወገባቸውን የሚቆርጠው። ስለዚህ መቁረጫ ለመሥራት ወሰንን።

ዝግጁ ሞዴሎች ሰውን ከነፀጉሩ ደህና አድርገው ይቆርጣሉ። ነጠላ ላይ ሲደርሱ ግን ያቅታቸዋል። ነጠላ ስስ ነው፤ ከኋላው ያለውን ያሳያል። አብዛኛው መቁረጫ ደግሞ የፎቶውን እያንዳንዷን ነጥብ (ፒክስል) ወይ ሰው ወይ ባክግራውንድ ብሎ ነው የሚፈርዳት፤ የነጠላ ነጥብ ግን ሁለቱንም ናት። ስለዚህ ወይ ትከሻ ላይ ያለው ጨርቅ ተገምጦ ይቀራል፣ ወይ የመናፈሻው አረንጓዴ ከክሩ ጋር ተጣብቆ አልበሙ ውስጥ ይገባል።

መፍትሔውን ያገኘነው ከቆየ ጥናት ነው። አልቪ ሬይ ስሚዝና ጄምስ ብሊን እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ አንድን ዕቃ ሳያንቀሳቅሱ የተለያየ ቀለም ባላቸው ሁለት ባክግራውንዶች ፊት ካነሱት የእያንዳንዷ ነጥብ ስስነት በሂሳብ ይገኛል። እኛም ልብስ ቤት የሚቆመውን አሻንጉሊት ሀበሻ ቀሚስ አልብሰን፣ ነጠላ ደርበንበት፣ መጀመሪያ ጥቁር ከዚያ ነጭ ጨርቅ ከኋላው እየዘረጋን አነሳነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ነው፣ መብራቱ አይነካም፣ መስኮቱ ይዘጋል። የዘርፉ አንድ ክር በነፋስ ከተወዛወዘ ሁለቱ ፎቶዎች አይገጥሙምና ከእንደገና ይነሳል። ከዚያ የወጣውን ነጠላ በኮምፒውተር በብዙ ዓይነት ባክግራውንድ ላይ እየደረብን ሞዴሉን አስተማርንበት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለውጡን ያመጣው ግን እሱ ነው። ጥለቱ ሳይደበዝዝ፣ ከስሱ ጨርቅ በስተጀርባ አዲሱ ባክግራውንድ ሲታይ ኤዲተሮቹ ስክሪኑን አጉልተው ደጋግመው ያዩት ነበር። የአገር ልብስ ዳታ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀን ቦታ የለም፤ ቁጭ ብሎ ማዘጋጀት ነው።

ውጤቱን የምንመልሰው በፎቶሾፕ ፋይል፣ ማስኩን፣ ማለትም የትኛው ክፍል እንደሚታይና እንደሚደበቅ የሚወስነውን ሽፋን፣ ለብቻው አድርገን ነው። ጥሩ ኤዲተር የመጨረሻውን ውሳኔ ለማሽን አይሰጥም፣ መስጠትም የለበትም። አንዲት ጣት ተቆርጣ ብትቀር በብሩሽ መልሶ ያመጣታል እንጂ ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም።

ዲዛይነሮች ፖስተር የሚያዘጋጅ ነገር ሲጠይቁንም በአንድ ነገር ጸናን፦ ፊደሉን ሞዴሉ አይሥለውም። ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊዩዥን ስሪቶች 512 በ512 ነጥብ የሆነውን ምስል ወደ 64 በ64 አሳንሰው ነው የሚሠሩት። ሉን ከሊ የሚለየው ጭረቷ ቀኝ እግር ላይ መሐል መሆኗ ወይም ታች መውረዷ ብቻ ስለሆነ፣ በትንሽ ጽሑፍ ላይ ይህች ልዩነት ትጠፋለች። ስለዚህ ሞዴሉ ለጽሑፍ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ጽሑፉ በእውነተኛ ፎንት፣ ለምሳሌ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ከላይ ይጻፋል።

ያወጣነው በቴሌግራም ቦት ነው፤ ስቱዲዮዎቹ ከደንበኛ ጋር የሚጻጻፉት እዚያው ስለሆነ። ፎቶው በፋይል መልክ መላክ አለበት፣ አለዚያ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። ክፍያው በቴሌብር፣ ሒሳቡም በየፎቶው ነው። የወር ክፍያ እዚህ አገር ለሠርግ ሥራ አይሆንም፤ ጥር ላይ እንቅልፍ የሌለው ስቱዲዮ ሁዳዴ ሲገባ ጭር ይላል።

ትልቁ ፈተና ዶላር ነበር። የሰርቨር ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዋጋውን ስቱዲዮዎቹ ላይ ከመጫን አሠራሩን ለወጥነው። አሁን መጀመሪያ ትንሹ ሞዴል ያለ ጂፒዩ፣ ማለትም ኪራዩ ውድ የሆነው የኤአይ ማስሊያ ቺፕ ሳያስፈልገው፣ ናሙና ያሳያል፤ ኤዲተሩ «ይሁን» ሲል ብቻ ነው ትልቁ የሚነሳው። ለመሣሪያ ሠሪ ወዳጆቼ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አስቡበት እላለሁ።

ስቱዲዮዎቹ ስለ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ግን ሌላ ነገር ይጠይቁን ነበር። አንዲት የስቱዲዮ ባለቤት «ልጄ፣ የሰው ልጅ የሠርግ ፎቶ እናንተ ጋ ሲደርስ ማን ያየዋል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ያ ፎቶ የስቱዲዮው አደራ ነው፣ የእኛ ዳታ አይደለም። ሥራው እንዳለቀ ከሰርቨሩ ይጠፋል፤ ሞዴል ለማስተማርም አንነካውም። አሁን የመልስ ካባ ላይ ያለውን የወርቅ ጥልፍ እያስተማርነው ነው፤ ካባዎቹን ከሙሽራ ልብስ ቤት እየተከራየን ራሳችን እናነሳለን። ይዘገያል፣ ወጪም አለው፤ ቢሆንም በዚሁ እንቀጥላለን።