ዳሬል ግሪን፣ ቁጥር 28

ዛሬ አንድ በዕድሜ የገፉ ተሳፋሪ ዲሲን እስክናቋርጥ ስለ ዳሬል ግሪን ሲያወሩልኝ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ የድሮ ጨዋታዎቹን ሳይ አመሸሁ።

ግሪን በአሜሪካ ፉትቦል ኮርነርባክ ነበር። የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ እግር በእግር እየተከተለ ኳሷን የሚከለክል ተከላካይ ማለት ነው። ከባድ ሥራ ነው። ተቀባዩ ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል፤ ተከላካዩ አያውቅም። አንዴ ከተቀደመ ደግሞ ስታዲየሙ ሁሉ ያየዋል።

የዋሽንግተን ክለብ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲመርጠው፣ ክለቦች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት ከመጀመሪያው ዙር የመጨረሻው፣ 28ኛው ነበር። ቁመቱም አጭር ነው። በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ግን የዳላሱን ኳስ ይዞ ሯጭ ቶኒ ዶርሴትን ከኋላ ተነስቶ ደረሰበት። ዶርሴት እኮ በፍጥነቱ የታወቀ ሰው ነው!

በጥር 1988 ከቺካጎ ጋር ያደረገውን ደጋግሜ አየሁት። ኳስ ይዞ ሲሮጥ አንዱን ተከላካይ ዘለለው፤ እዚያው ጎኑን ተጎዳ። የጎድን አጥንቱን በእጁ ይዞ 52 ያርድ ጨርሶ አስቆጠረ። ስሜቴን መቆጣጠር አቃተኝ።

በአንድ ክለብ 20 ዓመት፣ ከተጋጣሚ የነጠቃቸው 54 ኳሶች፣ ሁለት የሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ድሎች። ክለቡ 28 ቁጥርን ለክብሩ ሲል ማንም እንዳይለብሰው የወሰነው ግን በ2024 ነው። በጣም ዘገዩ። ጫማውን ከሰቀለ 22 ዓመት ሊሞላው ነበር።