የ2016 ዓ.ም. የሰዓት ደብተሬ፦ ሩጫን በዙር ማየት እንዴት እንደለመድኩ

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ድምፃቸው እስኪዘጋ ከጮኹት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ስፖርት ማለት ለእኔ ኳስ ነበር፤ ሩጫ የማየው «ዙሩ ከረረ!» ሲባል ሰምቼ ሲሆን፣ እሱም የመጨረሻውን አንድ ሁለት ዙር ብቻ ነው። 2016 ዓ.ም. ግን ከመስከረም እስከ ነሐሴ ውድድር በውድድር ላይ የተደራረበበት ዓመት ሆነና ደብተር አስያዘኝ።

መነሻው መስከረም 13 ቀን ነው። ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፣ ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ቢገባኝም ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ ሳካፍለው ኪሎ ሜትሩን በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተኩል፣ ማለትም እያንዳንዱን 400 ሜትር በ75 ሰከንድ ሮጣዋለች። በሳምንቱ የአሥራ ስድስት ዓመቱን የእህቴን ልጅ ይዤ ከከተማ ወጣ ወዳለ ሜዳማ መንገድ ሄድኩና፣ በሞተር ቆጣሪ 400 ሜትር ለክተን በስልኬ ሰዓት ያዝኩለት። በ72 ሰከንድ ገባ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ ማራቶን ለመጨረስ ገና ከ104 ዙር በላይ እንደሚቀረው ነገርኩት። «አጎቴ፣ እኔ ኳሱ ይሻለኛል» አለኝ።

ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፦ ዙር፣ ሰዓት፣ ከፊት ያለው ማን እንደሆነ። በጥር የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ለጊዜው ተዘግቶ ነበር፤ አገራችን ባትኖርበትም ከምድቧ በጭንቅ አልፋ አሠልጣኟን በመሀል የቀየረችው ኮትዲቯር ዋንጫውን ስትወስድ ማየት ሌላ ነገር አያሠራም። የካቲት ማብቂያ ላይ በግላስጎው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ፅጌ ዱጉማ በ800፣ ፍሬወይኒ ኃይሉ በ1,500 ሜትር ወርቅ ሲያመጡ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። እዚያም የጀማሪ ስሕተት ሠራሁ፦ የቤት ውስጥ መሮጫው አንዱ ዙር 200 ሜትር መሆኑን ረስቼ፣ የ800 ሜትሩን ውድድር ሁለት ዙር ነው ብዬ በግማሹ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ሐምሌ 7 ቀን ማታ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በዚያው ሌሊት ደግሞ የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ነበር። ስፔን እንግሊዝን 2 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተባለው የአርጀንቲናና የኮሎምቢያ ጨዋታ በስታዲየሙ በር ላይ በተፈጠረው ግርግር ከ10 ሰዓት በኋላ ተጀመረ። አርጀንቲና በጭማሪ ሰዓት 1 ለ 0 ስታሸንፍ እያንቀላፋሁ ነበር፤ በማግስቱ ሥራ ላይ የነበረውን ሁኔታዬን አልናገርም።

ዋናው ፈተናዬ ፓሪስ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ የ10,000 ሜትሩ ውድድር ሲጀመር፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ቆርቆሮውን የሚደበድበው የክረምት ዝናብ የተንታኙን ድምፅ ውጦታል። የእኛዎቹ ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ እየተፈራረቁ ሲመሩ ዙር በዙር እጽፍ ነበር፤ 14ኛው ዙር ላይ ግን መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሦስት መስመር ባዶ ቀረ። ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26፡43.14 አንደኛ፣ በሪሁ በ26፡43.44 ሁለተኛ ሲሆን፣ በሪሁን ከሦስተኛው የለየው የሰከንድ 2 መቶኛ ብቻ ነው። ቤቱ «ለሰው ሮጡለት» በሚል ወቀሳ ተሞላ። እኔ አልተስማማሁም፤ በአማካይ በ64 ሰከንድ የተሮጠው እያንዳንዱ ዙር ቀነኒሳ በቀለ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸናፊው ብቻ ሳይሆን ከኋላው የነበሩት ብዙዎችም እንዲያሻሽሉት አድርጓል፤ ለፈጣን አጨራረስ ሰው ቀርፋፋ ውድድር መስጠት ደግሞ የባሰ ነው። ክርክሩን በደብተሬ እንዳልረታ ግን እነዚያ ሦስት ባዶ መስመሮች ከለከሉኝ።

ነሐሴ 4 ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በጉዳት የወጣውን ሲሳይ ለማን ተክቶ የገባው ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። አማካዩ ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ወደ ቬርሳይ የሚወጣ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ አማካይ ቁጥር ብዙ እንደሚደብቅ ያን ቀን ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ለይቼ እጽፋለሁ። በማግስቱ ትዕግስት አሰፋ በሲፋን ሐሰን በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብር ስታገኝ፣ በበርሊኑ ስሌት አንዱ 400 ሜትር ከ81 ሰከንድ በላይ ሆኖ መጣ፤ ያው ሯጭ፣ ሌላ መንገድ።

ዝናቡ ሲያባራ የእህቴን ልጅ ወደዚያው መንገድ ወሰድኩትና 81 ሰከንዱን እንዲደጋግመው ጠየቅኩት። አራት ጊዜ ቻለ። በአምስተኛው ቆመና ስልኩንና ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ «አሁን ደግሞ አንተ» አለኝ። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ በእሱ የእጅ ጽሑፍ፣ የእኔ ሰዓት ተመዝግቧል፦ 2 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ።