ጸበል ያስለፈለፋት ፊያት

ቡራዩ ውስጥ ፊያት 125 የሚነዳ ሰው መጀመሪያ የሚለምደው «ላዳ!» ተብሎ መጠራትን ነው። መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ እጁን ያነሳል። «አስኮ ድረስ ስንት?» ይለኛል። ላዳ የተቀዳችው ከፊያት 124 ነው፣ የእኔዋ 125 ናት፣ አራቱን ካሬ መብራቶቿን እዩ ብዬ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ማን ሰምቶኝ! ሲሰለቸኝ ዝም ብዬ እጭናቸዋለሁ።

መኪናዋን የተዉልኝ አጎቴ ናቸው። ይህ ሞዴል በፈረንጆቹ ከ1967 እስከ 1972 የተመረተ ነው። ሞተሩ 1608 ሲሲ ሲሆን 90 የፈረስ ጉልበት አለው። የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ደግሞ ፊያት ከመግባቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የቤተሰብ መኪና ብትመስልም በዘመኗ እሳት ነበረች። እርግጥ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ከፈረሶቹ አንድ አምስተኛው ያህል ትንፋሽ አጥሯቸው ይተኛሉ።

መከራዬ የነቁት ናቸው። ዳገት ላይ ቆሜ፣ ፍሪሲዮን ለቅቄ ነዳጅ ስረግጥ፣ የኋላዋ ይዘላል። ድም ድም ድም ድም! ኮብልስቶን ላይማ አይጣል ነው። መስተዋቱ ይዞራል፣ የመሳቢያው በር ይከፈታል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጣሪያውን ይስማል።

አንድ እሁድ አማቴን ከቤተ ክርስቲያን ይዤ ስመለስ የሰፈራችን ዳገት ላይ አንድ ጋሪ አስቆመኝ። ከቆምኩበት ስነሳ መዝለሏን ጀመረች። አማቴ ጭናቸው ላይ የያዙት የጸበል ጀሪካን ክዳኑ ተፈናጠረና ወንበሩም ወለሉም ራሰ። እኔ ደንግጬ ነዳጁን ይበልጥ ረገጥኩት። ባሰባት።

«በስመ አብ!» አሉ አማቴ። «አየህ? ጸበሉ ሲነካት እንዴት እንደምትሆን? ልጄ፣ ይቺ መኪና አለባት።»

የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጉዳዩን በሁለት ቀን ሰማ። ምክር ለመስጠት ያልመጣ የለም። ማታ ማታ እጣን የላከልኝም አለ። ከሁሉም የተሻለው የጎረቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ሐሳብ ነበር። «ኋላዋ ቀሎ ነው። ጫንባት» አለኝ። እውነት አለው። ክብደት ጎማውን መሬት ላይ ስለሚጫነው ቶሎ አይንሸራተትም። አሸዋ ሞልቼ ከኋላ ደረደርኩ። ዝላዩ በእርግጥ ቀነሰ። ችግሩ ከረጢቱ ነው። አካባቢው ግንባታ በግንባታ ስለሆነ እጄ የገባው የሲሚንቶ ከረጢት ብቻ ነበር።

በማግስቱ መንገድ ላይ ፍተሻ ገጠመኝ። ፖሊሱ የኋላውን አስከፈተኝ።

«የሲሚንቶው ደረሰኝ?»

«አሸዋ ነው።»

«በሲሚንቶ ከረጢት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«መኪናዋ እንዳትዘል።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ባልደረባውን ጠራው። «እስቲ ለእሱም ንገረው» አለኝ።

ባልደረባው ጣቱን ከትቶ ፈተሸ። አሸዋ መሆኑን ሲያይ እፎይ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ነገሩ ይሄኔ ከረረ። ለካ ሲሚንቶ ብጭን ይሻለኝ ነበር። «አሃ፣ አሸዋውን ሲሚንቶ ነው ብለህ ለሰው የምትሸጠው አንተ ነህ!» ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ሴትዮማ «እሱ ነው!» አሉ። በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም።

መውጫው ማሳየት ብቻ ነው። ከረጢቶቹን አወረድኩና ፖሊሱን ጎኔ አስቀምጬ ተነሳሁ። ሜዳ ላይ ነበርን። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ሳብ ብላ ሄደች። ፖሊሱ አላዘነልኝም፣ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «ዳገት ያስፈልጋታል!» ብዬ ለመንኩት። ወደ ዳገቱ አዞርኩ፣ ቆምኩ፣ ረገጥኩ። ድም ድም ድም ድም! ባርኔጣው ወልቆ እግሩ ሥር ገባ። እስክሪብቶው እስከ ዛሬ ወንበሩ ሥር አለ።

«አቁም! አቁም! አምኛለሁ!» አለ። ሲወርድ ልብሱን እያራገፈ አስኮ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጠቆመኝ። የአባቱን ፊያት ይሠሩ የነበሩ ናቸው።

ጋሼ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ሥሯ ገቡ። የብረት ዘንግ አስገብተው ነቅነቅ አደረጉ። «ጋኔኑ ይሄው» አሉና አንድ ነገር ወረወሩልኝ። የባሌስትራ ጎሚኒ ነበር፤ የኋላዋን የሚሸከመው የቅጠል ብረት ጫፍ ላይ የሚገባ ላስቲክ ማለት ነው። እጄ ላይ ፈረሰ። ንጠቱን የሚያበርዱት አሞርዛቶሮችም ዘይታቸውን ተፍተው ጨርሰዋል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስል ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ብሎኖችም ላልተዋል።

ከዚያ አስረዱኝ። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር አክስሉ ራሱ በተቃራኒው መጠምዘዝ ይፈልጋል። በዚች መኪና ደግሞ አክስሉን የያዘው ባሌስትራው ነው። ባሌስትራው ጎብጦ የኤስ ቅርጽ ይይዛል። ኃይሉ ሲበዛ ጎማው መሬቱን ይለቅቃል። ያኔ ባሌስትራው ተፈናጥሮ ይመለሳል፣ ጎማው እንደገና መሬት ይነክሳል፣ ባሌስትራው እንደገና ይጎብጣል። ይህ ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ነው አማቴን ያስጮኸው።

የእኔ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው ጄነራል ሞተርስ መኪና የ1967ቱ ካማሮ አንድ ቅጠል ባሌስትራ ይዛ ወጥታ በዚሁ ዝላይ ተቸግራለች። ለ1968ቱ ሞዴል ጄነራል ሞተርስ አንዱን የኋላ አሞርዛቶር ከአክስሉ ፊት፣ ሌላውን ከአክስሉ ኋላ አሰረው። አሜሪካ ውስጥ ሰው እጣን ሲልክላቸው ግን አልሰማሁም።

ጋሼ ጎሚኒውን፣ አሞርዛቶሩን፣ ብሎኖቹን ቀየሩ። ዝላዩ አብዛኛው ጠፋ፣ ዳገት ላይ ግን ጥቂት ቀረ። ለእሱ በየጎኑ አንድ ወፍራም ብረት ከባሌስትራው ሥር አክስሉ ላይ አሰሩለት። የብረቱ ጫፍ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እዚያ ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አለ። አክስሉ ሊጠመዘዝ ሲል ላስቲኩ የባሌስትራውን የፊት ጫፍ ገፍቶ «ወዴት ወዴት?» ይለዋል። አሁን ዳገት ላይ ስነሳ አንዴ «ዷ!» ይላል፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ትወጣለች። አማቴ ዷታውን አልወደዱትም። የመጨረሻው ሲወጣ ነው ይላሉ።

አሸዋው ደጃፌ ቀርቶ ነበር። አጥር የሚያሠሩ ጎረቤታችን ጠየቁኝና በነጻ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ አሸዋህ አፈር ይበዛዋል» አሉ። «ይሁን። ሲሚንቶውንስ መቼ ነው የምታመጣው?»