«አስታማሚያቸው የት ነው?» የ4 ሳምንት የጀርመን ቆይታዬና ጅማ ከተመለስኩ በኋላ

ሰላም ጓደኞቼ። ነሐሴን ደቡብ ጀርመን ባለ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ ሐኪሞችን እየተከተልኩ ስመለከት ከርሜ፣ ጅማ ከገባሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። «እንዴት ሄድሽ? ምን አየሽ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ማታ ማታ ደብተሬ ላይ ካሰፈርኩት የሚጠቅማችሁን ላካፍላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲ ቱ ነኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት የክሊኒክ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለሁ የሕክምና ተማሪ ማለት ነው።

ሂደቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሄድኩት በዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን የልውውጥ ፕሮግራም ነው፤ የኛም አገር የሕክምና ተማሪዎች ማኅበር አባል ነው። ማደሪያና በቀን አንድ ምግብ ተቀባዮቹ ይችሉልናል፣ ትኬትና ቪዛ ግን ከራስ ኪስ ነው። ለሸንገን ቪዛ የጉዞ የሕክምና መድን ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። ለአሻራ ደግሞ ከጅማ አዲስ አበባ መውጣት ግድ ስለሆነ የመንገዱን ወጪም አስቡበት። ክትባትን ለመጨረሻ ቀን እንዳታቆዩት። ጀርመን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ኩፍኝ መከተቡን በማስረጃ እንዲያሳይ በሕግ ታስገድዳለች፤ ሁለት ዙር ነው የሚጠይቁት። እናቴ በክብር ያስቀመጠችው የሕፃንነት ካርዴ ላይ አንድ ዙር ብቻ ስለነበር ሁለተኛውን እዚሁ ተከተብኩ።

ቋንቋ ላይ ጊዜ ስጡ። ሐኪሞቹ እንግሊዝኛ ያወሩላችኋል፤ ታካሚዎቹ ግን፣ በተለይ አረጋውያኑ፣ ጀርመንኛ ብቻ ነው የሚችሉት። የሦስት ወር ጥናቴ ሰላም ለማለት፣ ስሜን ለመናገርና «እዚህ ብቆም ይፈቅዱልኛል?» ለማለት በቅቶኛል። ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ከፍታልኛለች።

የመጀመሪያው ሳምንት መቆም የተማርኩበት ነው። እዚህ ደም የምቀዳ፣ ካቴተር የማስገባ ልጅ፣ እዚያ ምንም አልነካም። ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞች ታካሚዎችን አልጋ በአልጋ እየዞሩ ሲያዩ፣ ከአልጋው ግርጌ እቆማለሁ። ሐኪሟ በር አንኳኩታ ትገባለች፣ እጇን በአልኮል ታሻለች፣ እኔን ታስተዋውቃለች፣ ታካሚው እሺ ካለ እገባለሁ። አንድ ታካሚ እንቢ ብሎ ኮሪደር ላይ ጠብቄያለሁ። በትክክለኛ መብቱ ተጠቅሟል፤ እኛም እዚህ ሳንጠይቅ ስንት ሆነን አንድ አልጋ እንደምንከብ አስታወሰኝ።

የቆይታዬ ዋና ነገር የተጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ አንድ አባት በልብ ድካም ተኝተው ነበር። እግራቸው አብጧል፣ ትራስ ደራርበው ነው የሚተኙት። ዙሪያቸውን ባይ ማንም የለም። ጋቢ የለበሰ ወንድም የለ፣ ፔርሙስ የያዘች ልጅ የለች፣ ከአልጋ ሥር የተጠቀለለ ምንጣፍ የለ። ሬዚደንቷን (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥነውን ሐኪም) «አስታማሚያቸው የት ነው? ማነው አብሯቸው ያለው?» አልኳት። ጥያቄው ስላልገባት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እኛ ነን» አለችኝ።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ሙሉ ቀን ነርሷን ተከተልኩ። ማየት የሚገባኝን ነገር ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ማለዳ፣ ሽንት ቤት ሄደው ከተመለሱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው። ልብ ሲደክም ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ኪሎ ይጨምራል፤ ኪሏቸውን ጻፈች፣ የትናንቱን አየች፣ ቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ በአውራ ጣቷ ተጭና ስርጉዱ እስኪመለስ ጠበቀች። መድኃኒታቸው አራት ክፍል ባላት ሣጥን ተደርድሯል፦ የጠዋት፣ የቀትር፣ የማታ፣ የመኝታ። በሞቀ ውኃ አጠበቻቸው፣ ጢማቸውን ላጨቻቸው፣ ምግቡን አቀረበችላቸው። እኛ ጋ ይህ ሁሉ የአስታማሚ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ መድኃኒት ሲጠፋ ከተማውን የሚያስሰው እሱው ነው።

ከመውጣታቸው በፊት የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ አልጋቸው ጠርዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቤት ውስጥ ማን ያግዛቸዋል? ደረጃ አለው? ማን ያበስላል? ጀርመን የሕመም መድንን በ1883 እ.ኤ.አ. በቢስማርክ ዘመን ነው የጀመረችው፤ በ1995 ደግሞ ለእንክብካቤ ብቻ ሌላ መድን ጨመረች። ቤቱ ሆኖ ዘመዱን ለሚያስታምም ቤተሰብ ጭምር ገንዘብ የሚከፈልበት አሠራር አለው። ታካሚው ሆስፒታል ሲተኛ ከራሱ የሚያወጣው በቀን 10 ዩሮ ነው፣ እሱም በዓመት ከ28 ቀን አይበልጥም። የኛ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ነው የተጀመረው፤ ዕድሜውን ሳስብ የሄደው መንገድ ቀላል አይደለም።

ግን ሁሉም ነገር አላስቀናኝም። አባታችን ከሰዓት በኋላ መስኮት መስኮቱን እያዩ ይውሉ ነበር። ልጃቸው እሑድ መጣች። እኛ ጋ ቢሆን «እንዴት አደሩ አባባ» የሚል የጎረቤት አልጋ አስታማሚ እንኳ አያጡም።

ሦስተኛው ሳምንት አብዛኛው ልብ በአልትራሳውንድ በሚታይበት የኢኮ ክፍል አለፈ። እዚያ የልብ ድካም የሽማግሌ በሽታ ነው። እኔ ጅማ የማያቸው ልጆች ግን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ በመጣ ሪውማቲክ ትኩሳት የልባቸው ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው በር) የተጎዳ፣ ገና ትምህርት ቤት ያሉ ናቸው። ሐኪሞቹ እሱን ብዙ ጠየቁኝ። ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ቤት ለቤት ስለሚልከን ስነግራቸው ማስታወሻ የያዙ አሉ። ደስ ብሎኛል። አራተኛው ሳምንት ስንብት ነበር።

አሁን ወደ ጅማ። ይዤው የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፦ አስታማሚው የሕክምና ቡድኑ አባል ነው፣ ግን የሚያስተምረው የለም። ስለዚህ መስከረም ላይ በተመደብኩበት ዋርድ ከራውንድ በኋላ ከአስታማሚዎች ጋር መቀመጥ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። አሥር ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኩና «ገባዎት?» አልኩ፤ «አዎ» ተባልኩ። በማግሥቱ ስጠይቅ የቀረችው «ጨው ይቀነስ» ብቻ ነበረች። አሁን ሦስት ነገር ብቻ ነው የማስተምረው፤ ኪሎ፣ እግር፣ ትንፋሽ። ሲጨርሱ «ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት ይነግሯቸዋል?» ብዬ እነሱ ራሳቸው መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ።

ከአጋሮ ወገን የመጡ አንድ አባት የ19 ዓመት ልጃቸውን ሲያስታምሙ ነበር። የሪውማቲክ ልብ ሕመም ነው። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየቀላቀልን አወራን። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ ስላቸው፣ ቤት ሚዛን ከየት ያመጣሉ ብዬ እየተጨነቅሁ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ፤ «ቡና የሚረከበው ነጋዴ ጋ ባስኩላ አለ፣ ሁልጊዜ ጠዋት እወስደዋለሁ። ሁለት ኪሎ ስንት እንደሆነ እኔን አትንገሪኝ ልጄ።» ሪውማቲክ ትኩሳቱ እንዳይመለስበት በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ቀንም ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። 28 ቀን ማለት ገበያ በዋለ በአራተኛው ነው፣ ከገበያ ቀን ጋር ከታሰረ አይረሳም አሉ። አሁን ለሁሉም እንዲህ እያልኩ ነው የማስተምረው።

ባለፈው ሳምንት ለቀጠሮ መጡ። ከኪሳቸው ያወጡት የቡና ደረሰኝ ጀርባው ላይ ኪሎው በእርሳስ ተደርድሯል፤ 51፣ 51፣ 50 ተኩል። ሁለት ቀን ባዶ ነው። ምነው ስላቸው፣ ነጋዴው ለቅሶ ሄዶ ቤቱ ተቆልፎ ነበር፣ «ያን ጊዜ እግሩን በጣቴ እየተጫንኩ ነው ያየሁት» አሉኝ።

ቀጣዩ ሥራዬ ማንበብ ለማይችሉ አስታማሚዎች በሥዕል የተሠራ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ነው። እግር፣ ሚዛንና ትራስ የሚሥልልኝ ሰው ፈልጌአለሁ። የፋርማሲና የነርሲንግ ልጆችም የመድኃኒቱን ክፍል ብታግዙኝ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከራውንድ በኋላ ዋርድ አለሁ።