ማለዳ ማለዳ

ዛሬ ቀኑ ሳይጀምር ደከመኝ። ስልኬን ስከፍት ያው የለመድነው የፀሐይ መውጫ ሥዕል፣ ከሥሩም «ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው» የሚል ጥቅስ። ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥23። ሙሾ መሆኑን ሥዕሉን የሠራው ሰው ማን በነገረው!

የናቡከደነፆር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ዓመት ተመንፈቅ ከብቦ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ቅጥሯን ጥሶ ገባ። ያኔ በከተማዋ እንጀራ አልቆ ነበር። ወር ገደማ ቆይቶ ቤተ መቅደሱም ነደደ። ሙሾው የዚህ ነው። የመጽሐፉ የዕብራይስጥ ስም «ኤኻ» ነው፤ «እንዴት!» እንደማለት፣ ሙሾ አውራጅ አፏን ስትከፍት እንደምትለው።

ደግሞ ልቅሶው ልኬት አለው። ምዕራፍ 3 ባለ 66 ቁጥር ነው፤ ለ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ሦስት ሦስት ስንኝ። ከ19 እስከ 21 ያሉት በ«ዛይን» ይነሣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የግእዙ «ዘከረ» ዘመድ በሆነው ግሥ፣ ማሰብ በሚለው። ከ22 እስከ 24 ያሉት በ«ሔት»፣ በእኛው ሐመሩ ሐ። 23 «ሐዳሺም» ብሎ ይጀምራል፤ ግእዙ «ሐዲስ» አለ፣ አማርኛ ሐዋን ዋጥ አድርጎ «አዲስ»። (ገጣሚውን ተስፋ ያናገረው ፊደሉ ይሆን? ክፉ ጥርጣሬ ነው፣ ይለፍ።)

ከ1 ጀምሮ ድምፅ አውጥቶ፣ ሦስት ሦስቱን እየያዙ ማንበብ ነው የሚሻለው። ከ22 የጀመረ የ19ኙን እሬትና ሐሞት ሳይቀምስ ምሕረቱ ላይ ይደርሳል። 24 ላይ ያቆመም፣ 44 ላይ ጸሎት እንዳያልፍ እግዚአብሔር ራሱን በደመና መክደኑን አያይም።

እኔን የያዘኝ ግን 22 ነው፤ «ርኅራኄው አያልቅምና» ይላል። ገጽ ገልጬ 4፥10 ላይ ደረስኩ። በከበባው ረኃብ የገዛ ልጆቻቸውን ቀቅለው የበሉትን ሴቶች ምን ብሎ ይጠራቸዋል? «ርኅሩኆች»። በዕብራይስጡም ሁለቱ ቃላት ሥራቸው አንድ ነው፣ ማሕፀን የሚለው «ሬሔም» የሚወጣበት። ጨካኞች ቢላቸው ምን ነበረበት? ለአንባቢም ይቀል ነበር። እሱ ግን እናትነታቸውን አልነጠቃቸውም፤ ርኅሩኆች ነበሩ፣ ረኃቡ እዚያ አደረሳቸው።

እንግዲህ የትኛውን ቀድሞ ነው የጻፈው? አያልቅም ካለ በኋላ ነው ወደ እነዚያ ሴቶች የዞረው፣ ወይስ እነሱን አይቶ መጥቶ ነው አያልቅም ያለው?